የእርግዝናሽን ወረቀት ለልጅሽ ሐኪም ስጪ

ልጄ አንጀቱን የታመመው ማሞቂያ ክፍል ከገባ በኋላ ነው። ነገሩ የተጠነሰሰው ግን ገና ሆዴ ውስጥ ሳለ ነበር። በእርግዝናዬ የሆነው ነገርና የልጄ ሕመም እንደሚገናኙ አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። ጠይቄ ጠይቄ ነው የደረስኩበት። አሁን ባሕር ዳር ውስጥ ደም ግፊት ይዟት ወይም የእንሽርት ውሃዋ ቀድሞ ፈሷት የተኛች እህት ብታነበው ይጠቅማታል ብዬ ነው የምጽፈው። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። የሕክምናውን ነገር የያዝኩት እኔንና ልጄን ያከሙንን ሐኪሞች እየጨቀጨቅኩ ነው።

በሽታው ስሙ ረጅም ነው፤ ኔክሮታይዚንግ ኢንትሮኮላይቲስ። ማሞቂያ ክፍል ያሉት ሐኪሞችና ሲስተሮች አሳጥረው «ኔክ» ይሉታል። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን አንጀት ግድግዳው ይቆጣል፣ ያብጣል። ሲብስ የተወሰነው ክፍል ይሞታል፣ ይበሳል። ከ1,500 ግራም በታች ሆነው ከሚወለዱ 100 ሕፃናት ከ5 እስከ 10 የሚሆኑትን ያገኛል። ካገኛቸው ውስጥ ከ100 ከ20 እስከ 30 ያህሉ ይሞታሉ። ቁጥሩን ሳልደብቅ የጻፍኩት እኔ እንዲነገረኝ እፈልግ ስለነበር ነው። «አይዞሽ፣ ይሻለዋል» ብቻ መስማት ሰውን አያሳርፍም።

እንግዲህ ከሆዴ ልጀምር።

ግንቦት ነው። የባሕር ዳርን የግንቦት ሙቀት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ዘንባባው ሥር ቆመሽም ያልብሻል። ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ግንባሬን ጨምድዶ የሚይዝ ራስ ምታት ጀመረኝ። ቀለበቴ ከጣቴ አልወጣ አለ። ጎረቤታችን እማማ ገና ሲያዩኝ «ምች ነው የመታሽ፣ ፀሐይ ላይ ነው የዋልሽው» አሉና ዳማከሴ ቀጥፈው መጡ። በእጃቸው አሽተው አሸተቱኝ፤ ግንባሬን አሹልኝ። ዳማከሴ ሲሸት ደስ ይላል፣ ምንም አልልም። ራስ ምታቱ ግን እንዳለ አደረ።

በማግስቱ የክትትል ቀጠሮዬ ነበር። ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ ነርስ ግፊቴን ለካች። ዝም አለች። ጨርቁን ፈታ በሌላው ክንዴ ለካች። 150 በ100። ሽንት ስሰጥ ፕሮቲን ተገኘበት። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣ፣ 140 በ90 የደረሰ ወይም ያለፈ ግፊት፣ ሽንት ላይም ፕሮቲን ሲታይ ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል። ራስ ምታት፣ ዓይን ላይ ብዥ ማለት፣ ከጎድን ሥር በቀኝ በኩል የሚወጋ ሕመም፣ የፊትና የእጅ እብጠት ምልክቶቹ ናቸው። ምች ከሆነ በዳማከሴ ይሻላል ይባላል፤ ግፊት መሆኑን ግን ሳይለኩ ማወቅ አይቻልም። እርጉዝ ሴት ራሷን ሲያማት ዳማከሴውንም ትሽተት፣ መለካቱንም አትተው።

የሪፈር ወረቀት ተጻፈልኝ። ከባለቤቴ ጋር በባጃጅ ሆስፒታል ገባን። እዚያ ማግኒዥየም ሰጡኝ። ሲገባ ሰውነት ከውስጥ ያግላል፤ የምትወስዱት ካላችሁ አትደንግጡ፣ የታወቀ ነው። የሚሰጠው እናትየዋን አንቀጥቅጦ እንዳይጥላት ነው። ግፊቱን የሚያወርደው መድኃኒት ሌላ ነው።

ከዚያ አልትራሳውንድ። «ልጁ ከሳምንቱ አንሷል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ዶክተሯ ብቻዋን ደግማ አየችው። እትብቱ ላይ ዶፕለር ሠራች። ዶፕለር ማለት ያው አልትራሳውንዱ ነው፤ ደሙ በእትብቱ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ የሚያሳየው ክፍል ነው። ሹክ ሹክ የሚል ድምፅ ይሰማል። የእኔ ድምፅ ይመጣል፣ ይቆማል፤ ይመጣል፣ ይቆማል።

ዶክተሯ የውጤት ወረቀቱን ገልብጣ በእስክሪብቶ ሣለችልኝ። መጀመሪያ የጤነኛውን ሣለች። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ግን መስመሩን አይነካም። የልጁ ልብ በምታርፍባት ቅጽበትም ደሙ ወደ እንግዴ ልጁ መሄዱን አያቆምም ማለት ነው። ቀጥላ የእኔን ሣለች። ከፍ አለና መስመሩ ላይ ተኛ። እንግዴ ልጁ ስለተጎዳ ደሙን አላስገባ ብሏል። ልብ ስታርፍ ደሙም ይቆማል። ከዚህ የባሰው ወደ ኋላ ሲመለስ ነው አለችኝ።

«ሰፈር ውስጥ ውሃ ሲጠፋ ባለችሽ ጀሪካን ምን ታደርጊበታለሽ?» አለችኝ።

«ለመጠጥና ለወጥ ነዋ፣ ዶክተር።»

«ልብሱስ?»

«ይቆያል።»

«ልጅሽም እንደዚያው ነው የሚያደርገው። ያለችውን ደም ለአንጎሉና ለልቡ ይሰጣል። አንጀቱ ይቆያል።»

ያን ዕለት የሰማሁት «አንጎሉ ደህና ነው» የሚለውን ብቻ ነበር። «አንጀቱ ይቆያል» ያለችው ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው።

በኋላ እንደተረዳሁት ነገሩ እንዲህ ነው። እንግዴ ልጁ በደንብ ሳይሠራ ሲቀር ልጁ ኦክስጅንም ምግብም ያጥረዋል። የሚደርሰውን ለዋና ዋናዎቹ ያደላል። አንጀቱ ለሳምንታት በትንሽ ደም ይኖራል። ሲወለድ ደግሞ ወተት ይመጣል። ወተት ለመፍጨት አንጀት ብዙ ደም ይፈልጋል። ያለ ጊዜው የመጣ አንጀት ግድግዳው ስስ ነው፣ እንቅስቃሴው ዘገምተኛ ነው፣ መከላከያውም ገና አልተደራጀም። ተህዋሲያን በዚያ ስስ ግድግዳ ሲያልፉ ቁጣው ይጀምራል። ስለዚህ የእናት የእርግዝና ግፊት፣ ልጅ በማህፀን ውስጥ ሳያድግ መቅረትና የተበላሸ ዶፕለር ሲደራረቡ የሕፃናት ሐኪሞች ሆዱን አጥብቀው ይጠብቃሉ።

ይህ ሁሉ ያለባቸው ብዙ ልጆች አንጀታቸውን ምንም ሳይነካቸው ያድጋሉ። ትልቁ ምክንያት ያለ ጊዜ መወለዱ ራሱ ነው። የእርግዝናው ችግር በዚያ ላይ የሚጨመር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኛ ዘንድ ልጅ ሲታመም እናት ትፈተሻለች። ጨው አብዝተሽ ነው፣ ተናደሽ ነው፣ ሌሊት ወጥተሽ ነው። አንዷ ዘመዴ አልጋዬ ድረስ መጥታ «ሥራ አበዛሽ» አለችኝ። ፕሪኤክላምፕሲያ የሚነሳው እንግዴ ልጁ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ማህፀን ላይ ሲተከል ደም ሥሮቹ በሚገባ ሳይሰፉ በመቅረታቸው ነው። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ሆዳችን እንኳ አልታየም። በንዴት የሚመጣ ነገር አይደለም። እንዲህ የሚላችሁን ሰው ዝም በሉት፤ ካልቻላችሁም እንደኔ ባለቤታችሁን ልካችሁ አስወጡት።

ስተኛ የተሰጠኝን ሌላ መርፌ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ዴክሳሜታዞን ይባላል። 6 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ፣ በጠቅላላው 4 ጊዜ። ሌላ ቦታ ቤታሜታዞን የሚባለውን በ24 ሰዓት ልዩነት 2 ጊዜ ይሰጣሉ። ሁሉም ሰው «ለሳንባው ነው» ይላል። እውነት ነው። ነገር ግን የአንጎል ደም መፍሰስንም ይህንን የአንጀት በሽታም እንደሚቀንስ ብዙ እናቶች አያውቁም። አጎራባቼ አልጋ ላይ የነበረችው አንዷን መርፌ «ደከመኝ፣ ነገ» ብላ ልታስቀረው ነበር፤ የአንጀቱን ነገር ስትሰማ እጇን ዘረጋች። ባለቤቴ እያንዳንዱ መርፌ የተሰጠበትን ሰዓት በሞባይሉ ይጽፍ ነበር። ሲስተሮቹ ፈረቃ ሲቀያየሩ ያች ማስታወሻ ሠርታለች።

ግፊቴ በመድኃኒት አልወርድ አለ። በ31ኛው ሳምንት በኦፕራሲዮን ወለድኩ። ወንድ፣ 1,100 ግራም። አለቀሰ። ድምፁን ሰማሁ፤ ወሰዱት።

አሁን ወደ ርዕሴ ልምጣ። እኔ እናቶች ክፍል ተኝቻለሁ። ልጄ ማሞቂያ ክፍል ነው። የእኔ ካርድ ሌላ፣ የእሱ ካርድ ሌላ። የእሱ ካርድ ላይ ስለኔ የተጻፈው አንድ መስመር ነበር፤ «እናት፦ ደም ግፊት»። ዶፕለሩ የለም። የዴክሳሜታዞኑ ብዛት የለም። ልጁ በማህፀን ውስጥ ማደግ ያቆመበት ጊዜ የለም። ሁሉም የእኔ ፋይል ውስጥ ነው፤ የእኔን ፋይል ደግሞ የሕፃናት ሐኪም አይከፍተውም። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ከማዋለጃ ክፍል ልጅ ሲወሰድ ይሮጣል እንጂ አይጻፍም። የሚጎዳው ግን ልጁ ነው፤ ይህን ዛሬም በቀላሉ አላየውም።

ባለቤቴ የአልትራሳውንዱን ወረቀቶች በፌስታል ይዞ ይዞር ነበር። እንዳይጠፉ ብሎ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። የማሞቂያ ክፍሉ ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም፣ ራውንድ ላይ፣ ማለትም ሕመምተኞቹን እየዞሩ ሲያዩ፣ «እናትየዋ አልትራሳውንድ ነበራት?» ሲል ባለቤቴ ፌስታሉን ፈታለት። ሬዚደንቱ ከፊትና ከኋላ አነበበው። ዶክተሯ የሣለችው ሥዕል ላይ ቆየ። ከዚያ በልጁ ካርድ ላይ ጻፈና ሲስተሯን «የዚህን ሆድ በየፈረቃው ትለኩልኛላችሁ» አላት። በሜትር፣ በእምብርቱ ዙሪያ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለካ።

ወተቱ ግን አልተከለከለም። እኔ ወረቀቱን ሲያይ ፈርቼ ነበር፤ ያስጾሙታል ብዬ። ሬዚደንቱ እንደነገረኝ ድሮ እንደዚህ ዓይነት ዶፕለር ላላቸው ልጆች ወተት ለቀናት ይዘገይ ነበር። እንግሊዝ አገር የተሠራና በፈረንጅ በ2012 የወጣ ጥናት ግን በሁለተኛው ቀን በጀመሩትና በስድስተኛው ቀን በጀመሩት መካከል በአንጀት በሽታው ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ቶሎ ይጀመራል፣ በጥቂቱ። ጥቂት ማለት የእውነት ጥቂት ነው፤ በሲሪንጅ በአፍንጫ ቱቦ የምትገባ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማትሞላ ወተት። ዋናው የእናት ወተት መሆኑ ነው። የዱቄት ወተት አደጋውን ከፍ ያደርጋል። የሌላ ጤነኛ እናት የተመረመረና የተዘጋጀ ወተት ቢገኝ ከዱቄቱ ይሻላል።

እንገሩን ከኦፕራሲዮን አልጋዬ ላይ ሆኜ በእጄ ነበር የማልበው። መጀመሪያ የወጣው የሲሪንጁን ጫፍ ያህል ነው። አፍሬ ልተወው ስል ሲስተሯ «ወርቅ ነው፣ ስጪኝ» ብላ ወሰደችው። እንገር አሁንም ገጠር ውስጥ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ የሚደፋበት ቤት አለ። ለኔ ልጅ ግን በዚያች ጠብታ ውስጥ ያለው መከላከያ ከየትም አይገዛም። በቀን ቢያንስ 8 ጊዜ፣ ሌሊትም ጭምር ማለብ ያስፈልጋል፤ ካልታለበ ይደርቃል።

አማቴ ከመርዓዊ መጡ። አጥሚቱን፣ ገንፎውን፣ አብሹን ይዘው ነው። ከመቀነታቸው ደግሞ በቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ አወጡ። «ጫፏን ታህል ላስውጠው፣ አንጀቱ እንዲለሰልስ» አሉኝ። ስምንት ልጅ እንዲህ አድርገው ነው ያሳደጉት። ክፉ አላሰቡም። እኔ ምን እንደምል ስቸገር ሲስተሯ ቀደመችኝ። «እማማ፣ የዚህ ልጅ አንጀት ገና ማህፀን ውስጥ መሆን የነበረበት ነው። ከእናቱ ወተት ሌላ ምንም አይነካውም። ቅቤውን ገንፎው ላይ ጨምሩትና ለእሷ፤ በወተቷ በኩል ይደርሰዋል።» አማቴ ሳቁ። ገንፎው ላይ አፍስሰው እስክጨርስ ቆመው ጠበቁኝ። ቅቤ፣ የስኳር ውሃ፣ ጤና አዳም፤ ማሞቂያ ክፍል ላለ ልጅ አንዱም አይሆንም።

የእናቶች ማረፊያው ውስጥ ብዙ ነገር ይሰማል። ከዘጌ በጀልባ የመጣች ልጅ እግር እናት ነበረች። እሷ ግፊት የላትም። የእንሽርት ውሃዋ በሰባተኛ ወሯ ፈሷል። ቀን እየጠበቀች ሳለ ትኩሳት መጣ፣ ፈሳሹ ሸተተ። ይህ ሌላው መንገድ ነው። ማህፀን ውስጥ ኢንፌክሽን ሲገባ ልጁም ቁጣው ይደርሰዋል፤ አንጀቱ ሲወለድ ተቆጥቶ ይወለዳል። የእሷም ልጅ ካርድ ላይ የተጻፈው «ያለ ጊዜው» ብቻ ነበር። ውሃው ከፈሰሰ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ ትኩሳት እንደነበራት፣ የወሰደችውን መድኃኒት ለሐኪሙ የነገረችው ራሷ ናት፤ እሱም እኛ ስለጎተጎትናት።

መድኃኒቱን ሳነሳ፣ ኦግመንቲን የሚባለው አንቲባዮቲክ አለ። እኛ አገር ከፋርማሲ እንደ ከረሜላ ነው የሚገዛው። ውሃቸው ቀድሞ በፈሰሰ ከ4,800 በላይ እናቶች ላይ የተሠራ ኦራክል የሚባል ጥናት አለ፤ ውጤቱ በፈረንጅ በ2001 ነው የወጣው። ያንን መድኃኒት የወሰዱት እናቶች ልጆች ላይ ይህ የአንጀት በሽታ በዛ ብሎ ታየ። ኤሪትሮማይሲን የሚባለውን ሌላ አንቲባዮቲክ የወሰዱት ላይ እንዲያ አልታየም። ከዚያ ወዲህ ውሃ ቀድሞ ሲፈስ ሐኪሞች ሌላውን ነው የሚያዙት። ስለዚህ ውሃሽ ከፈሰሰ ፋርማሲ አይደለም የምትሄጂው። ቀጥታ ሆስፒታል። ወስደሽም ከሆነ ሳትፈሪ ተናገሪ፤ የሚቆጣሽ ቢኖር ለአንድ ደቂቃ ነው።

ልጄ ወደ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ደረሰ። ወተቱ እየጨመረለት ነበር። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች በዚህ በሽታ የሚያዙት ብዙውን ጊዜ ልክ እንዲህ እፎይ ሲባል ነው። ወላጅ የሚዘናጋው፣ ክብደት የተጨመረው፣ ስም የሚመረጠው ሰሞን ማለት ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ዝምታውን ነው። ሌላ ጊዜ ዳይፐሩን ስቀይር እግሩን ያንፈራግጣል። ያን ቀን እግሩ እንዳስቀመጥኩት ቀረ። ሲስተሯ ከመመገቧ በፊት እንደ ልማዷ በቱቦው ሆዱ ውስጥ የቀረውን ሳበች። ሌላ ጊዜ ነጭ ነው፣ ጥቂት ነው። ያን ምሽት ሲሪንጁ ውስጥ የመጣው አረንጓዴ ነበር። ሲሪንጁን ወደ መብራቱ አነሳችው። ምንም ሳትናገር ያዘጋጀችውን ወተት ወደ ጎን አደረገች። ሜትሩን አወጣች። ሆዱ ከጠዋቱ 2 ሳንቲ ሜትር ጨምሯል። ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፤ ከሥሩ ደም ሥሮቹ ይቆጠራሉ። ትንፋሹ እየቆየ ይቋረጣል፤ ማሽኑ ይጮኻል። ሌሊት ላይ ካካው ላይ ደም ታየ።

ሐኪሙ የመጣው ወዲያው ነው። «ይህ ልጅ ዶፕለሩ ያ ነው አይደል?» አለ፣ ካርዱን ሳይከፍት። እኔ እዚያች ላይ ነው ያለቀስኩት። ልጄን ያወቀው ሰው አለ ብዬ።

ራጅ ማሽኑን አልጋው ድረስ አመጡት። ፊልሙን በመስኮቱ በኩል ይዞ አሳየኝ። አንጀቱን ተከትሎ ግድግዳው ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ይሄዳል። አየር ነው። አየር አንጀቱ ውስጥ ቢሆን ያለ ነው፤ ግድግዳው ውስጥ ሲገባ ግን በሽታውን ያረጋግጣል። ከአንጀቱ ወጥቶ ሆዱ ውስጥ ቢታይ ኖሮ ተበስቷል ማለት ነበር። ያኔ ቀዶ ሕክምና ነው። የእኛ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው ተባለ፤ ሦስት ነው ደረጃው።

ወተቱ ቆመ። በአፍንጫው ቱቦ ሆዱ ውስጥ ያለው አየርና ፈሳሽ እንዲወጣ ተደረገ። ግሉኮስ በደም ሥሩ፣ አንቲባዮቲክ በደም ሥሩ። የቀዶ ሐኪሞች ጠዋት ጠዋት መጥተው ሆዱን በጣታቸው ጫፍ ይዳስሱታል፤ ቢበሳ ወዲያው እንዲገቡ። ራጁ ይደጋገማል። እንዲህ ሆኖ ከሳምንት በላይ ይቆያል፤ እንደ ልጁ ከ7 እስከ 14 ቀን ይሄዳል። እናት የምታደርገው ምንም የሌለ ይመስላል። አለ። ማለብ አለ። ልጁ ሳይጠጣ ማለብ ከባዱ ነው፤ ወተቱ ጠርሙስ ውስጥ ሲሞላ ሆድ ይብሳል። ግን እንደገና ሲጀመር የሚያስፈልገው ያው ወተት ነው። የዘጌዋ እናት ሌሊት ትቀሰቅሰኝ ነበር። «ተነሽ እቴ፣ ላሚቱ ደረሰች» ትለኛለች። በዚያ ሁሉ መሐል ያሳቀችን እሷ ነች። የእሷ ልጅ አንጀቱን አልታመመም።

ልጄ አልተበሳም። ወተቱ ከጠብታ ተጀመረ። ካንጋሮ ጀመርን፤ ደረቴ ላይ ታስሮ ይውላል፣ እኔ ስደክም አባቱ ደረት ላይ። አርባው ያለፈው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው፤ ክርስትናው ለነሐሴ ተዛወረ። ስንወጣ ክረምቱ ገብቶ፣ ጣናም ሞልቶ ነበር።

ስትወጡ ጠይቁ የምለው አለ። ከዚህ በሽታ የዳነ አንጀት ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የቆሰለበት ቦታ ጠባሳ ይዞ ሊጠብ ይችላል። ሆዱ እንደገና ከተነፋ፣ አረንጓዴ ካስታወከ፣ ካካ ካቆመ ወይም ደም ካየሽ ጤና ጣቢያ ሳትቆሚ ወደታከመበት ሆስፒታል ነው። እኛ ይህን የሰማነው ልንወጣ በር ላይ ስንደርስ ነው፣ ያውም ባለቤቴ «ቤት ምን እንጠብቅ?» ብሎ ስለጠየቀ።

ልጄ አሁን ይሮጣል። አንጀቱ እንጀራ በበርበሬ ሳይቀር ይችላል፤ ከልክለነው አልሆነም።

ማሞቂያ ክፍል ልጅ ላላት እናት ምን ልንገራት ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ እኔ የምላት ይህን ነው። ባልሽን ወይ እህትሽን ወረቀት አስይዢ። በዚያ ላይ ይጻፉ፤ ግፊትሽ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና ስንት እንደደረሰ፣ ልጁ በስንተኛው ሳምንት ማነስ እንደጀመረ፣ ዶፕለር ተሠርቶ ከሆነ ምን እንደተባለ፣ የሳንባ መርፌው ስንት ጊዜና መቼ እንደተሰጠ፣ ውሃሽ ከፈሰሰ ከመቼ ጀምሮ፣ ትኩሳት ነበረሽ ወይ፣ በእርግዝናሽ የወሰድሽው አንቲባዮቲክ ስሙ። የአልትራሳውንዱን ወረቀት በሞባይል ፎቶ አንሱት፤ ያ የሚታተምበት ወረቀት ቶሎ ይደበዝዛል። ከዚያ ራውንድ ላይ ለሐኪሙ ስጡት። ሐኪም ስለሆነ ያውቃል አትበሉ፤ የእናንተን ሆድ አላየውም።

እኔ ሁለተኛዬን ይዣለሁ። እርግዝናው እንደታወቀ ወዲያው ሄድኩ። አንዴ ፕሪኤክላምፕሲያ የያዛት እናት ድጋሚ ሊይዛት ስለሚችል ከ12ኛው ሳምንት በኋላ፣ 16ኛው ሳይሞላ፣ በትንሽ መጠን አስፕሪን ይታዘዛል። አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ሐኪም ነው የሚያዘው፤ ቤት ካለው ላይ ተቆርሶ የሚወሰድ አይደለም። ካልሲየምም ታዞልኛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካልሲየም ምግብ በሚያንስባቸው አገሮች ላሉ እርጉዞች በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም ይመክራል። ክትትሉንም ቢያንስ 8 ጊዜ ይላል። አዋላጇ የመጀመሪያውን ልጅ ታሪክ ስትጠይቀኝ ፌስታሉን ነው ያወጣሁላት።

ባለፈው ሳምንት ስለካ 118 በ76 ነበር። እማማ ጎረቤቴ ቁጥሩን ሲሰሙ «እንግዲህ ዳማከሴው ለጉንፋን ይቆይልሽ» አሉኝ። የሚቀጥለው ዶፕለር ከጥምቀት በኋላ ነው።